ሐኪሙ ከመፈረሙ በፊት፦ ከክሊኒክ ክሊኒክ የጉዞ ማስታወሻ

እሁድ፣ ባቡር ውስጥ

የምንሄደው ታብሌት ሲያዳምጥ ለማየት ነው። እንዲህ ሲባል ቀልድ ይመስላል፤ የኢንተርንሺፔ ዋና ሥራ ግን ይኸው ነው።

ኢንተርን ሆኜ የገባሁበት ቡድን ለሐኪሞች የሚሆን ሶፍትዌር ይሠራል። አዲሱ ፊቸር (ሶፍትዌሩ ላይ የተጨመረው አዲስ አገልግሎት) ሐኪምና ታካሚ ሲነጋገሩ በማይክ ያዳምጣል። ንግግሩን ወደ ጽሑፍ ይቀይራል። ከዚያ ኤአይው (ሰው ሠራሽ አስተውሎቱ) የሕክምና ማስታወሻ ረቂቅ አዘጋጅቶ ያቀርባል፦ ታካሚው ምን አመመው፣ ምርመራው ምን አሳየ፣ ምን ታዘዘለት። ሐኪሙ ያነባል፣ ያርማል፣ «አጽድቅ» የሚለውን ይጫናል። አለቀ። ረቂቁ መዝገብ ሆነ።

ይህ ነገር ለምን እንደተፈለገ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2016 አናልስ ኦፍ ኢንተርናል ሜዲስን በተባለው መጽሔት የወጣ የአሜሪካ ጥናት አለ። (ከዚህ በኋላ ያሉትን ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በጥናቱ መሠረት ሐኪሞች ከታካሚ ጋር ፊት ለፊት ለሚያሳልፉት ለእያንዳንዱ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት ገደማ በኮምፒውተርና በወረቀት ሥራ ላይ ያጠፋሉ። ማታ ቤታቸው ገብተው የሚጽፉት ደግሞ ሌላ ነው። እና ማሽኑ ይጻፍልን ቢሉ ማን ይፈርድባቸዋል?

እኛ ስል አለቃዬ፣ አንድ ዲዛይነርና እኔ ነን። አለቃዬ በተጠቃሚ ጥናት ሥራ ብዙ ዓመት ያሳለፈች ናት። ባቡሩ ሲነሳ ቦርሳዬን አየችና ላፕቶፑን ሆቴል እንድተወው ነገረችኝ። «ምርመራ ክፍል ውስጥ ላፕቶፕ የከፈተ ሰው ኦዲተር ነው የሚመስለው። ሐኪሙም ታካሚውም ቁጥብ ይሉብሻል። ደብተር ይበቃል።»

ከመነሳታችን በፊት ፕሮዳክት ማናጀራችን፣ ማለትም የፊቸሩን ሥራ የሚመራው ሰው፣ አንድ ግራፍ ልኮልን ነበር። ሐኪሞች በረቂቁ ላይ የሚያደርጉት እርማት ከሳምንት ሳምንት እየቀነሰ መሄዱን ያሳያል። ከሥሩ «ሞዴሉ እየተሻሻለ ነው!» ብሎ ጽፏል፤ ሞዴል የሚለው ረቂቁን የሚጽፈውን ኤአይ ነው። አለቃዬ ግራፉን ለረጅም ጊዜ አየችው። ምንም አላለችም። ስልኳን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ማንበቢያ ሰጠችኝ።

የሰጠችኝ በ2020 የወጣ የጎግል ተመራማሪዎች ጥናት ነው። ስኳር በሽታ ዓይን ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ከፎቶ የሚለይ ኤአይ በታይላንድ 11 ክሊኒኮች ውስጥ ሥራ ላይ ሲውል ምን እንደሆነ ይተርካል። ቤተ ሙከራ ውስጥ እንደ ስፔሻሊስት ጎበዝ የነበረ ሥርዓት ነው። ክሊኒክ ሲገባ ግን ነርሶቹ ካነሷቸው 1,838 ፎቶዎች 21 በመቶውን «ጥራት የለውም» ብሎ መለሰ። ክፍሎቹ እንደ ቤተ ሙከራ ጨለማ አልነበሩም። ኢንተርኔቱም ይንቀራፈፍ ነበር። ፎቶው የተመለሰበት ታካሚ ምንም ሳይኖርበት ሌላ ቦታ ሄደህ ታይ ይባላል። ሞዴሉ ከቤተ ሙከራ ወደ ክሊኒክ ሲሄድ አልተለወጠም። የተለወጠው ዙሪያው ነው።

ሰኞ፣ ትልቁ ሆስፒታል

ጠዋቱ በወረቀት አለቀ። መታወቂያ፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴው ደብዳቤ፣ የክፍሉ ኃላፊ ፊርማ። ስለሱ ብዙ የሚባል ነገር የለም። ተመላላሽ ሕክምና ክፍል የገባነው ከረፋዱ በኋላ ነው።

ደንባችን ጥብቅ ነው። የታካሚ ስም አንጽፍም። ሐኪሙ «ሐ»፣ ነርሷ «ነ»፣ ታካሚው «ታ» ነው፣ ከጎኑ ቁጥር። ታካሚ ሲገባ መጀመሪያ ማን እንደሆንን እንናገራለን፤ ፈቃድ እንጠይቃለን። እምቢ ካለ ወዲያው እንወጣለን። ድምፁ ማስታወሻው እስኪጸድቅ ብቻ እንደሚቆይና ከዚያ እንደሚጠፋ ቅጹ ላይ ተጽፏል።

በዕድሜ የገፉ አንድ አባት ቅጹን ሳያነቡ መለሱልኝ።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር የምናገረውን ወዴት ነው የሚወስደው?»

አስረዳኋቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ።

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ለዶክተሩ የምነግረውን ለዶክተሩ ነው የምነግረው። ይዘጋልኝ።»

ተዘጋላቸው። እኔም ወጣሁ። ኮሪደር ላይ ቆሜ ደብተሬ ላይ የጻፍኩት፣ ሐኪሙ ማይኩን ለመዝጋት ስክሪኑን ብዙ ጊዜ መነካካት እንደነበረበት ነው። መክፈቻው በአንድ ንክኪ ነው፤ መዝጊያው ግን ሜኑ ውስጥ ተደብቋል። ዲዛይነራችን ይህን ሲሰማ ፊቱ ቀላ። እንዲህ ያለ ነገር ቢሮ ውስጥ አይታይም። ቢሮ ውስጥ «ዝጋልኝ» የሚል ሰው የለማ።

ከሰዓት በኋላ የተመለከትኳት ሐ-2 ወጣት ሐኪም ናት፤ ፊቸሩን ትወደዋለች። አሁን ታካሚዋን ዓይን ዓይኑን እያየች ታናግራለች፤ ኪቦርድ ላይ አታቀረቅርም። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ማሳነስ አልፈልግም። ግን አንድ ያልጠበቅነው ለውጥ መጣ። ማሽኑ እጅ ሲነካ አያይም። ስለዚህ ሐ-2 የምርመራዋን ውጤት ጮክ ብላ መናገር ጀምራለች። ሆድ ስትነካ «ሆድ ለስላሳ ነው፣ እብጠት የለም» ትላለች። ልብ ስታዳምጥ «ተጨማሪ ድምፅ አለ» አለች።

ታካሚዋ ከአልጋው ብድግ አለች። «የምን ተጨማሪ ድምፅ?»

ድሮ ሐኪሙ በሆዱ ይዞት፣ አመዛዝኖ፣ ቃል መርጦ ነበር የሚነግራት። አሁን ለማይኩ የተባለውን ታካሚዋ ቀድማ ሰማችው። ሐ-2 ለማረጋጋት ደቂቃዎች ፈጀባት። ፊቸሩ ከጽሕፈት ያተረፈላት ጊዜ እዚያው ጋ ሄደ።

ማክሰኞ፣ እዚያው ሆስፒታል

የዛሬው ረጅም ነው፤ ብዙ ነገር ያየሁበት ቀን ነውና ታገሱኝ።

ጠዋት አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር ገቡ። አስታማሚ ማለት ምን ያህል የምታወራ ሰው እንደሆነች የሞዴሉ ሠሪዎች የሚያውቁ አይመስለኝም። እናትዬው አንድ ቃል ሲናገሩ ልጅቱ አምስት ትጨምራለች። «እንቅልፍ የላትም ዶክተር። ውኃ ብቻ ነው የምትጠጣው። እኔም እኮ ስኳር ሲይዘኝ እንዲሁ ነበር የጀመረኝ።»

ረቂቁ ሲመጣ «ታካሚዋ የስኳር ሕመም ታሪክ አላት» ይላል።

በሽታው የልጅቱ ነው። ማሽኑ ክፍሉ ውስጥ ያሉትን ድምፆች ለመለየት ይሞክራል፤ ግን እናትና ልጅ ድምፃቸው ይመሳሰላል፤ ደግሞም እየተሻሙ ነው የሚያወሩት። ሐኪሙ ሐ-3 ረቂቁን በጥንቃቄ አነበበ። ከንፈሩ ሁሉ ይንቀሳቀስ ነበር። ስኳሩ ጋ ሲደርስ ቆመ፤ ግንባሩን ቋጠረ፤ ሰረዘው። ሰዓቱ ጠዋት ነው። ይህን ልብ በሉልኝ።

ቀጥሎ የገቡት ሰውዬ ሕመማቸውን በጣታቸው ነው የሚናገሩት። «እዚህ ጋ ይጀምረኛል» አሉ ጉልበታቸውን እየነኩ። «ከዚያ እንዲህ እንዲህ እያለ እዚህ ይደርሳል።» እጃቸው ከጉልበት ተነስቶ በጭኑ ውጪ በኩል ወደ ወገብ ወጣ። ሐ-3 ጎንበስ ብሎ በዓይኑ ተከተለው፤ ገብቶታል። በረቂቁ ላይ ግን «ታካሚው ሕመም እንዳለበት ገልጿል፤ ሕመሙ ይዛመታል» ተባለ። ከየት ወዴት? ጉልበት የሚል ቃል የለም። ሰውዬው ጉልበት ብለው አልተናገሩማ።

ሐ-3 ይህንንም አርሞ ጻፈ። አሁንም ጠዋት ነው።

ሐኪሙ ሥራ ላይ እያለ «ምን እያሰብክ ነው?» ብሎ መጠየቅ አይቻልም። ኤሪክሰንና ሳይመን የተባሉ ምሁራን በ1980ዎቹ ያዳበሩት፣ ሰው ሥራውን እየሠራ ሐሳቡን ጮክ ብሎ እንዲናገር የሚያደርግ ዘዴ አለ። ሶፍትዌር ለመፈተሽ ግሩም ነው። ታካሚ ፊት ግን ማን ያስበዋል? ስለዚህ አየሁ፣ ጻፍኩ፤ የምጠይቀውን ለዕረፍት ሰዓት አቆየሁት። የደብተሬን ገጽ ለሁለት ከፍያለሁ። ግራው ለአፍ ነው፣ ቀኙ ለእጅ። ሐኪሙ ያለው በግራ፣ ጣቱ ያደረገው በቀኝ።

ከሰዓት በኋላ ወረፋው ተከመረ። ሐ-3 ሰው ነው፤ ደከመው። የደብተሬ ቀኝ ገጽ እንዲህ መሆን ጀመረ፦ «ረቂቁ መጣ። ወደ ታች ሳበ። ግማሽ ላይ ቆመ። አጽድቅ።» ቆይቶ፦ «ረቂቁ መጣ። የመጀመሪያውን መስመር አየ። አጽድቅ።» ቆይቶ፦ «ረቂቁ መጣ። አጽድቅ።»

«አጽድቅ» የሚለው ቁልፍ ከላይ በስተቀኝ፣ አውራ ጣት የሚያርፍበት ላይ ነው። ለመጫን ጽሑፉን ወደ ታች መሳብ አያስፈልግም። ደማቅ አረንጓዴ ነው። ያምራል።

አመሻሹ ላይ ሐ-3 አንድ ታካሚ መረመረ። የልብ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ታካሚውም ዝም። ክፍሉ ጸጥ። ረቂቁ ሲመጣ ከውስጡ አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች፦ «ታካሚው መድኃኒቱን በሰዓቱ እየወሰደ መሆኑን ገልጿል።» ከጎን ሆኜ ሳነባት ድንግጥ አልኩ። እንዲህ ያለ ወሬ ክፍሉ ውስጥ አልተነሳም። ከደብተሬ ጋር አመሳከርኩ፤ የለም። ሐ-3 አውራ ጣቱን ወደ ላይ ሲያነሳ አለቃዬ ከወንበሯ ብድግ አለች።

«ዶክተር፣ ይቅርታ። ሁለተኛዋን መስመር ያዩልኛል?»

ተመልካች ጣልቃ አይገባም፣ ደንብ ነው። የታካሚ ጉዳይ ሲመጣ ግን ከዚያ የሚበልጥ ደንብ አለ። ሐ-3 አየ። ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ ቆመ።

ማታ አለቃዬ ነገሩ አዲስ እንዳልሆነ ነገረችኝ። የኦፕንኤአይ ዊስፐር የተባለውን ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ሞዴል የፈተሹ ተመራማሪዎች በ2024 ባወጡት ጥናት፣ ከድምፅ ቅጂዎቹ 1 በመቶ ያህሉ ላይ ማንም ያልተናገረው ሐረግ ወይም ዓረፍተ ነገር ተገኝቷል። ንግግራቸው በዝምታ የሚቆራረጥ ሰዎች ላይ ደግሞ ይብሳል። አንድ በመቶ ትንሽ ትመስላለች። ሆስፒታል በቀን ስንት ታካሚ እንደሚያይ አስቡና እንደገና አንብቧት። ለሐኪም ዝምታ ማለት ማዳመጥ ነው። ማሽኑ ግን ባዶ ቦታ ይመስለዋልና ይሞላዋል።

ከመለያየታችን በፊት ሐ-3 መጠይቅ ሞላልን። ጆን ብሩክ በ1986 የሠራት፣ ሲስተም ዩዛቢሊቲ ስኬል የምትባል የ10 ጥያቄ መጠይቅ ናት። ነጥቧ ከ0 እስከ 100 ይሄዳል፤ 68 አማካይ ነው። የሐ-3 ነጥብ ከአማካዩ ብዙ ከፍ ያለ ነው። «በጣም ተመችቶኛል» ብሎ በእጁ ጨመረበት። አልዋሸም። በእውነት ተመችቶታል። ጣጣው እሱ ጋ ነው።

ረቡዕ፣ አሁንም ትልቁ ሆስፒታል፣ ነርሶች ክፍል

ዛሬ አጭር ነው። ቃለ መጠይቅ ነበር፤ አብዛኛው የተለመደ ነው። ከአንዷ ነርስ በስተቀር።

«ሲስተር፣ ፊቸሩን ይጠቀሙበታል?» አልኳት።

«እኔ አልጠቀምበትም። የሚያወጣውን ግን የማነበው እኔ ነኝ። የጠየቀኝ ሰው የለም እንጂ።»

ከዚያ ሁለት ማስታወሻ አሳየችኝ፤ ስም ያለበትን በእጇ ሸፍና። የድሮው ሦስት መስመር ነው። ጽሑፉ የተጨማደደ፣ በምሕጻረ ቃል የታጨቀ፤ ግን የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑና ሰዓቱ ወዲያው ይታያል። አዲሱ ሙሉ ገጽ ነው። ሰዋስዉ ያማረ፣ ዓረፍተ ነገሩ የተሟላ። ታካሚው ስለ መንገዱ መጨናነቅ ያወራው ሳይቀር ገብቷል። መጠኑ የት አለ? አራተኛው አንቀጽ መሃል።

«ይሄንን ፈልጌ እስካገኝ አንድ አልጋ አዳርሼ እመለሳለሁ» አለች።

ቡድናችን «ተጠቃሚ» ሲል ሐኪሙን ብቻ ነበር የሚያስበው። ማስታወሻ ግን የሚጻፈው ለሚያነበው ነው። ለሐኪሙ የተተረፈለት ጊዜ ከሲስተር ላይ እየተቀነሰ ከሆነ፣ ጊዜው ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ነው የዞረው።

ሐሙስ፣ ከከተማ የወጣው ክሊኒክ

በአውቶቡስ ሄድን። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፤ ዲዛይነራችን አልተመቸውም። ሙሉ መንገዱን ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሄደው።

ክሊኒኩ ትንሽ ነው። ግድግዳው ስስ ስለሆነ የጎረቤት ክፍል ሕፃን ሲያለቅስ እዚህ ይሰማል። ጣሪያው ላይ ማራገቢያ ይንጓጓል። ኔትዎርኩ ይመጣል፣ ይሄዳል። የታይላንዱን ጥናት ለምን እንዳስነበበችኝ እዚህ ገባኝ። ረቂቁ ሲዘገይ የሚቀጥለው ታካሚ ገብቶ ይቀመጣል። ከዚያ የፊተኛው ሰው ረቂቅ በኋለኛው ሰው ፊት ስክሪኑ ላይ ብቅ ይላል። የመጀመሪያው ታካሚ ስም፣ ሕመም፣ መድኃኒት፣ ሁሉም ፍጥጥ ብሎ። ዲዛይነራችን ይህን ሲያይ አውቶቡስ ውስጥ ከነበረው ይበልጥ ፊቱ ገረጣ። ወዲያው ለኢንጂነሮቹ ደወለ። ዓርብን አልጠበቀም።

ከማራገቢያው ጫጫታ ጋር የመድኃኒት ስም ሌላ ጣጣ ነው። ሃይድራላዚን የደም ግፊት መድኃኒት ነው። ሃይድሮክሲዚን ደግሞ ለማሳከክና ለጭንቀት የሚሰጥ ነው። ሰው እንኳ ያምታታቸዋል። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እንዲህ ያሉ ተመሳሳይ ስሞች ሲጻፉ የሚለያዩባቸው ፊደላት በትልልቁ እንዲጻፉ የሚመክረው ለዚህ ነው። ለዓይን ጥሩ መፍትሔ ነው። ለማይክ ግን ትልቅ ፊደል የሚባል ነገር የለም። ዛሬ አንዱ በሌላው ቦታ ተጽፎ አየን።

ያገኙት የክሊኒኩ ሐኪም ናቸው። ሐ-6 ይባሉ። ጸጉራቸው ገብስማ፣ መነጽራቸው በክር የተንጠለጠለ፣ በዚህ ሥራ ብዙ ዘመን የቆዩ ሰው ናቸው። ስህተቷን ያገኙበት መንገድ ነው የገረመኝ። ታካሚው ከወንበሩ ሳይነሳ፣ ረቂቁ ሳይመጣ፣ እርሳስ አንስተው ብጣሽ ወረቀት ላይ ጥቂት ቃላት ጫር ያደርጋሉ። ከዚያ ረቂቁ ሲመጣ ብጣሿን ስክሪኑ ሥር ያስቀምጣሉ። ዓይናቸው ወደ ታች፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች። የማይገጥም ነገር ካለ ወዲያው ይታያቸዋል።

በዕረፍት ሰዓት ጠየቅኳቸው። «ዶክተር፣ ማሽኑ እየጻፈልዎት ለምን ይጽፋሉ?»

«እኔ መጀመሪያ ካላሰብኩ፣ እሱ ያሰበው ሁሉ ልክ ነው የሚመስለኝ» አሉ። «ጽሑፉ ያማረ ነዋ። ያማረ ጽሑፍ ደግሞ ያሳምናል። ሦስት ቃል ይበቃኛል፦ ሕመሙ፣ ጥርጣሬዬ፣ መድኃኒቱ። ከዚያ በኋላ እሱ እንደፈለገ ይጻፍ፣ አያታልለኝም።»

ሰው ማሽን ባቀረበለት መልስ ላይ ከመጠን በላይ የመደገፍ ልማዱ በአብራሪዎችም በሐኪሞችም ላይ ለብዙ ዓመታት የተጠና ነው። መድኃኒቱን ግን ብጣሽ ወረቀት ላይ አገኘዋለሁ አላልኩም ነበር።

እንደ ሐ-3 ሁሉ እሳቸውም መጠይቁን ሞሉ። ነጥባቸው ዝቅ ያለ ነው። «ያደክማል» ብለው ጻፉበት። በጥንቃቄ የሚያነብ ሰው ይደክማላ! መጠይቁን ብቻ ይዘን ብንመለስ ኖሮ፣ ፊቸሩ ለሐ-3 ተስማምቷል፣ ለሐ-6 አልተስማማም ብለን ነበር የምንጽፈው።

ዓርብ፣ ቢሮ

ሌሊቱን ተመለስን። ጠዋት ግድግዳው በተለጣፊ ወረቀት ተሸፈነ። ቢጫው ሐኪም፣ ሮዙ ነርስ፣ ሰማያዊው ታካሚ። ሰማያዊው አነስተኛ መሆኑ አናደደኝ። ስለ ታካሚው ነው ሥራው ሁሉ፤ ግን ታካሚው ረቂቁን የሚያይበት ቦታ ፊቸሩ ውስጥ የለም። ይህን ለሚቀጥለው ዙር አሳድረነዋል።

ከሰዓት በኋላ ስብሰባ። ፕሮዳክት ማናጀሩ የሶፍትዌር አጠቃቀም ምቹነትን በሚያጠናው በያኮብ ኒልሰን ጀመረ። «አምስት ሰው 85 በመቶውን ችግር ያሳያል ይባል የለ? እናንተ ከዚያ በላይ አይታችኋል። እንግዲህ የቀረ ነገር የለም።»

አለቃዬ ይህን ስትጠብቅ የነበረች ይመስለኛል። ኒልሰንና ላንዳወር በ1993 ያወጡት ስሌት አንድ ተጠቃሚ በአማካይ 31 በመቶውን ችግር ያገኛል ከሚል ቁጥር ነው የሚነሳው። ተጠቃሚዎቹ ተመሳሳይ ሲሆኑ ደህና ይሠራል። «ሐኪም፣ ነርስና ታካሚ ግን አንድ ዓይነት ሰው አይደሉም» አለች። «ጠዋት ያለው ሐኪምና ከሰዓት በኋላ ያለው ሐኪም እንኳ አንድ ሰው አይደለም።»

ከዚያ የእሁዱን ግራፍ ስክሪኑ ላይ አወጣችው። ከጎኑ የኔን የማክሰኞ ደብተር ገጽ። ቀኝ ገጹን።

ግራፉ እርማት ቀነሰ ይላል። ደብተሩ ማንበብ ቀነሰ ይላል። ሳይታረም የጸደቀ ረቂቅ ሁሉ «ልክ» ተብሎ እየተቆጠረ ነበር። ካልተነበበው ውስጥ ስንቱ ልክ እንደሆነ ግን ግራፉ ሊነግረን አይችልም። የማክሰኞዋ «መድኃኒቱን በሰዓቱ እየወሰደ ነው» ባትያዝ ኖሮ፣ ለሞዴሉ መሻሻል ማስረጃ ሆና ነበር የምትቆጠረው። ፕሮዳክት ማናጀሩ ወንበሩ ላይ ተመቻቸ። ከዚያ ዝም አለ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ቁጥሩን አምኖ ነው።

ክርክሩ ረጅም ነበር። አንዱ ኢንጂነር ሆን ብለን ስህተት እንክተትና ማን እንደሚይዘው እንይ አለ። በእውነተኛ ታካሚ መዝገብ ላይ ፈጽሞ አይሆንም። ታካሚ መስለው በሚተውኑ ሰዎችና በፈጠራ ታሪኮች ግን ይቻላል፤ እሱ ለብቻው ይጠናል ተባለ። ሌላዋ ረቂቁ ውስጥ ያለችው ዓረፍተ ነገር ስትነካ የተነገረበትን ድምፅ ታሰማ አለች። ሁሉም ወደደው። የሰኞው አባት ግን ትዝ አሉኝ፤ ቅጹ ድምፁ ይጠፋል ይላል። ስለዚህ ድምፁ የሚሰማው ከመጽደቁ በፊት ብቻ ይሁን ተብሎ አለፈ። ምንም ድምፅ የሌላት ዓረፍተ ነገር ደግሞ ራሷን ታጋልጣለች፤ ስትነካ ዝም ነው።

«አጽድቅ» ወደ ገጹ መጨረሻ ወረደ። መዝጊያው ከሜኑ ወጥቶ ከመክፈቻው ጎን ተቀመጠ። ለሲስተር የመድኃኒት ስም፣ መጠንና ሰዓት ገጹ አናት ላይ ይሆናል። የአስታማሚው ድምፅ ለብቻው ምልክት ይደረግበታል። ግራፉ ላይ ረቂቁ ከተከፈተ እስኪጸድቅ ያለው ጊዜም ይታያል።

በቀላሉ ያላለፈው የሐ-6 ሦስት ቃል ነው። ረቂቁ ከመታየቱ በፊት ሐኪሙ የራሱን ሦስት ቃል ይጻፍ ብለን ነበር ያቀረብነው። «ጊዜ እናተርፋለን ብለን ሸጠን፣ ጻፉ እንበላቸው?» አለ ፕሮዳክት ማናጀሩ። እውነቱን ለመናገር እሱም ያለው ነገር አለ። ብዙ ሐኪም ይጠላዋል። እኔ ግን ከዝርዝሩ ሁሉ እሷን ብቻ አትርፉ ብባል እሷን ነው የማተርፈው። ተከራክረን ተከራክረን፣ በአንድ ክሊኒክ ብቻ ይሞከር ተባለ። የቱ ክሊኒክ እንደሆነ ግልጽ ነው።

ለሐ-6 የደወልኩት እኔ ነኝ። ነገሩን አስረዳኋቸው። መጀመሪያ ሳቁ።

«ብጣሽ ወረቀቴን ወስዳችሁ ታብሌት ውስጥ ከተታችኋት ማለት ነው?»

«አዎ ዶክተር።»

«ይሁን እሺ። አራተኛ ቃል የጠየቃችሁኝ ቀን ግን ታብሌቱን መሳቢያ ውስጥ ነው የምቆልፍበት።»